ስለ ሙታን መታሰቢያ በካምባና በጋሞ አገር

ሰው ሁሉ ሟች እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን ሞት የማይቀር መሆኑን ማወቅ የወዳጅን ሞት ቀላል አያደርገውም። ስለዚህ ከጥንት ዘመን ጀምሮ የኖሩ ሕዝቦች፥ ቋንቋቸውና ሥርዓታቸው ምንም ቢለያይ፥ በሞተባቸው ሰው ላይ አፈር መልሰው ዝም ብለው መሄድን አልወደዱም። አንዱ ድንጋይ አቆመ፤ አንዱ ዛፍ ተከለ፤ አንዱም ቤተ ክርስቲያን አሳነጸ። ይህም ሁሉ የሆነው የሞተው ሰው ከሰው ልብ እንዳይጠፋ ነው። አበው ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ማለታቸው ስለዚህ ነው።

በቅዱሳት መጻሕፍትም የዚህን ነገር ምሳሌ እናገኛለን። አብርሃም ሚስቱ ሣራ በሞተችበት ጊዜ የአገሩ ሰዎች ቦታውን በነጻ ውሰድ ቢሉት እምቢ ብሎ የመቃብሩን ዋሻ ከእርሻውና በዙሪያው ከነበሩት ዛፎች ጋራ በ400 ሰቅል ብር ገዛ። ያዕቆብ በራሔል መቃብር ላይ ሐውልት አቆመ። የርብቃ ሞግዚት ዲቦራ በቤቴል አጠገብ በዛፍ ሥር ተቀበረች። የመድኃኔ ዓለምም መቃብር በአትክልት ቦታ ውስጥ ነበረ። ከሁሉ ይልቅ ግን ለዚህ ነገር ትምህርት የሚሆነው የኢያሱ ሥራ ነው። እስራኤል ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች ተነሡ፤ ከየነገዱም አንድ አንድ ሰው ድንጋዩን ተሸከመ። ምክንያቱም በኋለኛው ዘመን ልጆች ይህ ድንጋይ ምንድር ነው ብለው ሲጠይቁ አባቶች ታሪኩን እንዲነግሯቸው ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ተሠውሮ ይገኛል። ፊተኛው፥ ድንጋይ ራሱ የማይናገር ስለ ሆነ የሚጠይቅ ልጅና የሚመልስ አባት ያስፈልገዋል ማለት ነው። ሁለተኛው፥ ከ12ቱ ነገድ አንድ ስንኳ ድንጋይ ሳያመጣ የቀረ የለም ማለት ነው። በካምባና በመላው የጋሞ አገር የሙታን መታሰቢያ እንዴት እንደ ነበረ፥ ዛሬም በተማሪዎች እጅ እንዴት ሊሠራ እንደሚገባው የሚመረምር ሰው እነዚህን ሁለት ነገሮች ከልቡ እንዳያወጣ ያስፈልጋል።

በጋሞ ደጋ ከታወቁት መቃብሮች እጅግ የቆየው በሞታ ዋሻ የተገኘው ነው። በ2004 ዓመተ ምሕረት የጥንት ነገር መርማሪዎች ይህን ዋሻ ሲቆፍሩ ከድንጋይ ክምር ሥር የአንድ ጐልማሳ አፅም አገኙ። ሰውዬው ከሞተ 4,500 ዓመት ያህል ሆኖታል። እጆቹ ከፊቱ በታች ታጥፈው፥ የሚተኛ ሰው መስሎ ነበር የተቀበረው። በአጠገቡም የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኙ። የአገሩ ሰዎች ባይራ የሚል ስም ሰጡት፤ በጋሞኛ በኵር ማለት ነው። ዋሻው ቀዝቃዛ ስለ ሆነ አፅሙ ሳይበላሽ ቆይቶ ነበርና ሊቃውንቱ ከጆሮው ውስጥ ካለው ጠንካራ አጥንት የዘሩን ምልክት፥ ጂኖም የሚባለውን፥ አውጥተው በ2008 ዓመተ ምሕረት ለዓለም አስታወቁ። ከአፍሪካ ምድር ከጥንት ሰው አፅም ሙሉ ሆኖ የተነበበ የመጀመሪያው ጂኖም ይህ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር በልብህ አስተውለው። የባይራን ስም፥ የእናቱንና የአባቱን ስም የሚያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን ሲሞት ያዘነለት፥ እጁን ያጠፈለት፥ ድንጋይም ተሸክሞ የከመረለት ሰው እንደ ነበረ ያ የድንጋይ ክምር ይመሰክራል። ከ4,500 ዓመት በኋላ የቀረው የቀባሪዎቹ ፍቅር ምልክት ነው።

ከዚያ ወዲህ በነበረው ዘመን የጋሞ ሕዝብ የአባቶቹን መታሰቢያ በዛፍ ሲጠብቅ ኖሯል። በደጋው ላይ ከእርሻና ከእንሰት ተክል መካከል ጥቅጥቅ ብለው የሚታዩት ጥንታዊ ደኖች አብዛኞቹ የአባቶች መቃብር ወይም የጸሎት ቦታ በመሆናቸው የተጠበቁ ናቸው። ሕዝቡ ተሰብስቦ ነገር የሚያይበትና ዕርቅ የሚፈጽምበት ዱቡሻ የሚባለው አደባባይም የዕድሜ ባለጸጋ የሆነ ዛፍ ጥላ አይለየውም። ከእንዲህ ያለው ቦታ ዛፍ የቈረጠ ሰው ጎሜ፥ ይኸውም በሰውዬውና በአገሩ ላይ መከራ የሚያመጣ በደል፥ እንደ ሠራ ይቈጠር ነበር። ስለዚህም ምክንያት በሌላው ቦታ ደኑ ሲመነጠር በመቃብሩ ዙሪያ ያለው ጥድና ዝግባ፥ ወይራና ኮሶ ቆሞ ቀረ። ሙታን ዛፉን ጠበቁት፤ ዛፉም የሕያዋንን ምንጭና አፈር ጠበቀ።

ዳሩ ግን የታሪክ ጸሐፊ መልካሙን ብቻ መርጦ ሊጽፍ አይገባውም። በዚህ አገር ሁሉም በአንድ መሬት አልተቀበረም። ሸክላ ሠሪዎች፥ ቆዳ ፋቂዎችና ብረት ቀጥቃጮች ከገበሬው ጋራ እንዳይጋቡ፥ የእርሻ መሬትም እንዳይኖራቸው፥ ሲሞቱም ለብቻቸው በተለየ ቦታ እንዲቀበሩ ልማዱ ያስገድድ ነበር። ለእነርሱም የሚሰጠው ስም ለስድብ የዋለ ስለ ሆነ እዚህ መጻፉ አያስፈልግም፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነገሩን ለሚመረምር ሰው ግን ይህ ልማድ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። መቃብሩ የሚቈፈርበትን ብረት የቀጠቀጠው ማን ነው? ለለቀስተኛው ውሃ የሚቀዳበትን እንስራ፥ ንፍሮው የሚቀቀልበትን ድስት የሠራችው ማን ናት? ለሞት ሥርዓት የሚያስፈልገውን ዕቃ ሁሉ በእጃቸው የሠሩት ሰዎች በሞት ጊዜ ከወገን ተለይተው ወደ ዳር ተጣሉ።

ስለ ባይራ የተደረገው ምርመራ በዚህ ነገር ላይ ምስክርነት ይጨምራል። ዛሬ ካሉት ሕዝቦች ይልቅ ለባይራ በዘር ቅርብ ሆኖ የተገኘው በደቡብ ኦሞ የሚኖረው የአሪ ሕዝብ ነው። በ2007 ዓመተ ምሕረት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የአሪ ብረት ቀጥቃጮችና የአሪ ገበሬዎች ከአንድ ምንጭ የወጡ መሆናቸውን፥ የተለያዩትም ባለእጆቹ ከተናቁና ከተገለሉ በኋላ መሆኑን ገለጠ። በጋሞም ቆዳ ፋቂዎች እስካለንበት ዘመን ድረስ ቆዳውን የሚፍቁት በሹል ድንጋይ ነው፤ ከባይራ ጋራ የተገኘውም መሣሪያ የድንጋይ ነው። እንግዲህ የሩቅ አባቶችን ሥራ በእጁ ይዞ የቆየውን ሰው ከአባቶች መቃብር መለየት ምን ያህል ከእውነት የራቀ እንደ ነበረ እያንዳንዱ ይፍረድ። በየካቲት 1967 ዓመተ ምሕረት የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት ለሁሉ አካፈለ። መቃብሩን የለየው ግን ልማድ እንጂ ሕግ ስላልነበረ በአዋጅ ብቻ የሚስተካከል አልሆነም፤ የሚስተካከለው በሰው ልብ ነው።

ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ ሙታንን የምታስበው በጸሎተ ፍትሐትና በቅዳሴ፥ ለድኾችም በሚሰጥ ምጽዋት ነው። ይህን የሚተካ ሌላ ነገር የለም። ነገር ግን ከጸሎቱ ጋራ ሕንፃና ዛፍም ለመታሰቢያ ሲሆን ኖሯል። በላሊበላ ያለው ቤተ አባ ሊባኖስ በንግሥት መስቀል ክብራ ለባሏ ለንጉሥ ላሊበላ መታሰቢያ እንደ ተሠራ በአፈ ታሪክ ይነገራል። ንግሥት ዘውዲቱም ለአባቷ ለዳግማዊ ምኒልክ ማረፊያ በአዲስ አበባ የበዓታ ለማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርታለች። ለድኻው ሕዝብ ግን ሐውልቱ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዛፍ ነበረ። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከ1,000 የሚበልጡ አብያተ ክርስቲያናት በደን ተከበው ይገኛሉ፤ ከዙሪያቸው ያለው አገር እርሻና ግጦሽ ከሆነ በኋላ የጥንቱ ዛፍና ወፍ የቀረው በእነርሱ ቅጥር ነው። በቅርብ ዘመን ሊቃውንትና ካህናት ተባብረው ከብት እንዳይገባ በድንጋይ ካብ ማጠር ጀምረዋል፤ ካቡም በተሠራበት ቦታ ችግኙ ከሥር ማቈጥቈጥ ይዟል።

ተማሪዎችም በዚህ ነገር የራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። በአብነት ትምህርት ቤት የኔታ ባረፉ ጊዜ ተማሪዎቻቸው መቃብር ቈፍረው፥ አስከሬን ተሸክመው፥ በመጨረሻም ቅኔ ያቀርቡላቸዋል። ተማሪው ለመምህሩ የሚያቆመው ሐውልት ከመምህሩ በተማረው ጥበብ የሠራው ቅኔ ነው። ይህ እጅግ ያማረ ሥርዓት ነው፤ ምክንያቱም ሐዘንተኛው ከሟቹ የተቀበለውን ስጦታ መልሶ ለሟቹ መታሰቢያ ያደርገዋል።

ነገር ግን ተማሪዎች ራሳቸው መታሰቢያ የሚያሻቸው ሙታን የሆኑበት ዘመን ደግሞ መጣ። በ1929 ዓመተ ምሕረት በየካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የፋሺስት ጦር ሕዝቡን ሦስት ቀን ፈጀው። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹ ቍጥር 30,000 መሆኑን አስታውቋል። ከዚያም በኋላ ወደ ውጭ አገር ሄደው የተማሩት ወጣቶች እየተፈለጉ ተገደሉ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ፤ ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች፥ ቆይቶም 129 ዲያቆናት እንደ ተገደሉ አስታወቀ። በኋላ የመረመሩ ጸሐፊዎች እውነተኛው ቍጥር ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ገልጠዋል። ዲያቆናቱ ማለት ተማሪዎች ናቸው። ለየኔታ ቅኔ የሚያቀርቡት ልጆች የሚቀኝላቸው ሳይኖር በሜዳ ቀሩ።

አገር ነጻ ከወጣ በኋላ በ1940ዎቹ ዓመታት በስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት ቆመ። የቀረጹት ኦጉስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉ ከዩጎዝላቪያ የመጡ ቀራፂዎች ናቸው። ሥራቸው የተመሰገነ ነው፤ በየዓመቱም በዚያ ቀን አበባ ይቀመጥበታል። በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት መታሰቢያ ደግሞ ተሠራ። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በሎንዶን የሕፃናት ሆስፒታል የአስታማሚነት ሥራ ተምራ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ገና በ22 ዓመቷ በነሐሴ 1934 ዓመተ ምሕረት በወለጋ ዐረፈች። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስት ገንዘብ አሰባስባ በልዕልቷ ስም በአዲስ አበባ ሆስፒታል እንዲሠራ ደከመች። የሆስፒታሉ ስም በኋላ ተለውጦ ጦር ኃይሎች ተብሏል፤ ነገር ግን በሽተኛ እስከ ዛሬ ይታከምበታል። ስም ቢለወጥም ለሕያዋን የሚሰጥ አገልግሎት ስለ ቀጠለ መታሰቢያው አልሞተም ማለት ይቻላል።

ወደ ጋሞ አገርና ወደ ጐረቤቱ በተመለስን ጊዜ ደግሞ ቅርብ የሆነ ሐዘን እናገኛለን። በ2016 ዓመተ ምሕረት በሐምሌ ወር አጋማሽ በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከብዙ ዝናብ የተነሣ ተራራው ተናደ። በናዳው የተቀበሩትን ለማውጣት ጐረቤቱ በእጁና በዶማ ሲቈፍር ሳለ ሁለተኛ ናዳ ወርዶ የረድኤት ሰዎቹን ደረበባቸው። ከ200 የሚበልጡ ነፍሳት አለቁ፤ በአገሩም ሁሉ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። የካምባም ምድር ቁልቁለትና ገደል የበዛበት ስለ ሆነ የዚያ ሐዘን ነገር ለካምባ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። በቁልቁለት ላይ የተተከለ ዛፍ ሥሩ የላይኛውን አፈር ይይዛል፤ ከጥልቅ የሚነሣውን ናዳ ግን ሁልጊዜ ሊያቆመው አይችልም። ቢሆንም ለሞተ ሰው መታሰቢያ የተተከለ ዛፍ ለሕያው ሰው ልጅ አፈር ከያዘለት፥ ይህ ከሐውልት ያላነሰ ክብር ነው።

ደግሞም መታሰቢያ ሁሉ ለበጎ እንደማይሆን ማወቅ ይገባል። የሟችን ስም ለበቀል የሚያነሡ ብዙዎች ናቸውና። በ2011 ዓመተ ምሕረት በመስከረም ወር በቡራዩና በአካባቢው በተደረገው ግድያ ከጋሞ ተወላጆች ብዙዎች በሞቱ ጊዜ፥ በአርባ ምንጭ ወጣቶች በቍጣ ተነሥተው ለመበቀል ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎች ግን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ በፊታቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ሥርዓት ሣር ይዞ የለመነን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ነውር ነው። ወጣቶቹም ተመለሱ፤ ደምም አልፈሰሰም። ያ አንድ እፍኝ ሣር ለሞቱት ከቆሙት መታሰቢያዎች ሁሉ የበለጠ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በሙታን ስም ሌላ ሰው እንዳይሞት አድርጓልና።

እንግዲህ በካምባ ተማሪዎች ለሚወዱት ሟች የመታሰቢያ አትክልት ቦታ ይሥሩ ቢባል፥ ካለፈው ታሪክ የሚወሰደው ምክር ይህ ነው።

ፊተኛው፥ ቦታውን ከካህናቱና ከሰበካው ሽማግሌዎች ጋራ ተማክረው ይምረጡ። የሚተክሉትም የአገሩን ዛፍ ይሁን፤ ይኸውም ጥድ፥ ዝግባ፥ ወይራና ኮሶ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ነገር ግን ውሃውን እየመጠጠ ሌላውን ተክል ስለሚያደርቅ ለእንዲህ ያለው ቦታ አይስማማም። ችግኙ የሚተከለው ዝናብ በያዘ ጊዜ ነው፤ ከፍየልና ከበግም በካብ ይጠበቅ። ዛሬ ተክሎ ነገ መርሳት ከአለመትከል የከፋ ነው፤ የደረቀ ችግኝ የተረሳ ሰው ምስክር ይሆናልና።

ሁለተኛው፥ የእጅ ሥራው ከአገሩ ጥበብ ይውጣ። ሸክላ የምትሠራዋ እናት ተማሪዎችን ጭቃውን እንዴት እንደሚያቦኩትና እንዴት እንደሚተኵሱት ታስተምራቸው፤ የሟቾቹ ስም በሸክላው ላይ ይጻፍ። ሸማኔው የዱንጉዛን ጥለት ያሳያቸው፤ እነርሱም በጥለቱ አምሳል ቀዩን፥ ቢጫውንና ጥቍሩን ድንጋይ በመንገዱ ላይ ይደርድሩት። ብረት ቀጥቃጩም የበሩን መዝጊያ ይሥራላቸው። ሲሠሩም እነዚህን ባለእጆች እናቴ፥ አባቴ፥ የኔታ ብለው ይጥሯቸው፤ ያስተማረ ሁሉ መምህር ነውና።

ሦስተኛው፥ የሚጻፈው ስም የማን እንደሚሆን በጥንቃቄ ይታሰብ። ተማሪው ወደ ቤቱ ሄዶ አያቱን ይጠይቅ፤ ከዚህ ቤት የሞተው ማን ነው፥ ሥራው ምን ነበረ፥ የተቀበረውስ ወዴት ነው ይበል። ከአገር ርቆ በሸማ ሥራ ሲደክም አዲስ አበባ የሞተ አለ፤ ወደ ጦርነት ሄዶ አፅሙ ያልተመለሰ አለ፤ ከወገን ተለይቶ በዳር የተቀበረ ባለእጅም አለ። የእነዚህ ሁሉ ስም ከባለጸጋው ስም ጋራ በአንድ ግድግዳ ላይ፥ በአንድ ልክ ይጻፍ። በኢያሱ ዘመን ከየነገዱ አንድ አንድ ድንጋይ ካልመጣ 12 ሊሞላ እንዳልቻለ ሁሉ፥ ከደብሩ ልጆች የአንዱ ሐዘን ከተተወ መታሰቢያው ጎደሎ ይሆናል።

አራተኛው፥ ወጪው የድኻውን ቤት እንዳያራቍት። በዚህ አገር ለተዝካር ሲባል በሬው ተሸጦ፥ መሬቱም በዕዳ ተይዞ፥ የሟቹ ልጆች በረኀብ የቀሩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አንድ ችግኝና አንድ ሸክላ ግን ማንንም አያደኸይም። በዓመት አንድ ቀን ተማሪዎቹ ቦታውን አጽድተው፥ ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፥ ከቤት የመጣው ቈሎና ዳቦ ለችግረኞች ቢከፈል ይበቃል። ትምህርታቸውን ጨርሰው የሚሄዱት ተማሪዎችም ዛፉንና የስሙን ታሪክ ለሚመጡት ታናናሾች በቃል ያስረክቡ።

ቤተ ክርስቲያን ኢዮቤልዩዋን ስታከብር የቃሉን ትርጕም ማሰብ ይገባታል። በኦሪት ኢዮቤልዩ ማለት የዘፈን ዓመት ብቻ አልነበረም፤ ርስቱን ያጣው ወደ ርስቱ የሚመለስበት፥ በባርነት ያለውም ነጻ የሚወጣበት ዓመት ነበረ። ለሙታንም ኢዮቤልዩ ሊደረግላቸው ይቻላል፤ የተረሳው ስም ሲነሣ፥ በዳር የቀረውም ከወገኑ ጋራ ሲቈጠር ነው።

ባይራን የቀበሩት ሰዎች ስማቸውን አልጻፉም፤ ድንጋዩን ግን ከመሩለት። የዛሬ ተማሪዎች መጻፍ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ከእነርሱ የሚጠበቀው ከዚያ ይበልጣል። ዛፉ አድጎ ጥላ በሰጠ ጊዜ ገና ያልተወለደ ልጅ በሥሩ ቆሞ ይህ ምንድር ነው ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ መልስ የሚሰጠው ሰው በልጅነቱ ችግኙን የተከለው እርሱ ራሱ ይሆናል።